ባትሪው እስኪሞላ

ወንድሟ የመኪናውን ባትሪ ሥራ ጠረጴዛዋ ላይ በኃይል ሲጥለው፣ መፍቻዎቹ ተንኳኩተው መሬት ወረዱ።

«ቻርጅ አድርጊልኝ፤ በፈጣኑ!» አለ።

ባትሪ መሙላት እንጀራዋ የሆነው እህቱ ቀና ብላ አየችው። የቀኝ እጁ አንጓዎች ተልጠዋል። በምን እንደተላጡ አልጠየቀችም፤ የሚስቱን የተተረተረ ከንፈር ጠራርጋ፣ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ላይ ያሳፈረቻት እሷው ናት። ሚስትየው ባሏ እንዳይከተላት፣ ባትሪው እንዲያልቅ የመኪናውን መብራት ሌሊቱን አብርታ ትታው ነበር።

«ጭልጥ ብሎ ያለቀ ባትሪ በግድ አይጎርስም። ቀስ እያለ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«ተረትሽን ለራስሽ፣ እትዬ! አውቶቡሱ ላይ እደርስበታለሁ። ከደረስኩባት ግን...» አልጨረሰውም። የጎማ መፍቻውን ብረት ከግድግዳው አወረደ።

እንቢ ብትለው ሌላ ቤት ይወስደዋል። ስለዚህ ሥራዋን እንደ ወጉ ያዘች። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች፤ የባትሪውን ጫፎች ፈተገች፤ ክዳኖቹን ፈትታ ውሃው መሙላቱን አየች። ቀዩን መቆንጠጫ ከፖዘቲቩ፣ ጥቁሩን ከኔጋቲቩ አያያዘች። ከዚያ በኋላ ነው ማሽኑን ያበራችው፤ የኃይሉን መጠን መዘውርም ዝቅ አድርጋ ተወችው። እያንዳንዷ ደቂቃ አውቶቡሱን ታርቀዋለች።

ገባው።

«ትጫወቺብኛለሽ?»

በእጁ ጀርባ ሲላት ተሽከርክራ የጎማ ክምር ላይ ወደቀች። አፏ ደም ደም አላት። እሱ መዘውሩን እስከ ጥግ ጠመዘዘው። ባትሪው እንደ ተጣደ ድስት መንተክተክ ጀመረ፤ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ቤቱን ሞላው።

«አጥፋው! ጋዝ ነው፤ ብልጭ ካለበት ይፈነዳል!»

«በቅቶታል!» አለና ማሽኑ እንደበራ ቀዩን መቆንጠጫ መነጨቀው።

ብልጭታውን አየች። ወዲያው ድምፁ ደረቷን መታት። የባትሪው ስባሪ ጣሪያውን ሲነርተው፣ ወንድሟ ሁለት እጁን አሲድ የረጨው ፊቱ ላይ ለጥፎ እንደ ታረደ በሬ ያጓራ ነበር።

ተነስታ ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀለች። ተዪው፣ አላት አንድ ሐሳብ። እንደ እጁ ያግኝ። ሐሳቡ ሳይለቃት ነው ኮሌታውን ጨምድዳ ወደ ቧንቧው የጎተተችው። ረገጣት። ደረቱ ላይ በጉልበቷ ወጥታ ጣቶቹን ከዓይኖቹ አላቀቀች፤ ውሃውንም በላስቲክ ቱቦ ለቀቀችበት።

«ዓይንህን ክፈት!»

«ያቃጥለኛል!»

«ክፈት ብዬሃለሁ!»

ጎረቤቶች እየሮጡ መጡ። «መኪና አምጡ!» ብላ ጮኸችባቸው።

የወንድሟ ጩኸት ወደ ማቃሰት ወረደ። ከውሃው ሥር፣ «ያሸሸሻት አንቺ ነሽ» አለ።

ቱቦውን አላነሳችም።

«እኔ ነኝ።»

የተላጠው እጁ በዳበሳ ተነስቶ የእጇን አንጓ ያዛት። እስኪመታት ጠበቀች።

«ውሃውን...» አለ፤ «ውሃውን አታቁሚ።»

ከደጅ መኪና ጥሩንባ ነፋ። እጁ አልለቀቃትም፤ እየለመናት ይሁን እየዛተባት አልለየላትም።