ቄስ በሥራ ቀን ሲመጣ

በሰሜን ኖርዌይ ባለችው ደሴታችን ቄስ በሥራ ቀን መንገድ ላይ ከታየ መጋረጃ ሁሉ ይነቃነቃል። ባሕር የበላውን ሰው መርዶ ለቤተሰቡ የሚያረዳው ቄሱ ነውና። እኔ ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ቄስ ሆኜ በመጣሁ በሳምንቴ ልተዋወቅ ብዬ አንድ በር አንኳኳሁ። ሴትዮዋ ጥቁር ካፖርቴን ስታይ ከነድስቷ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። «ለሰላምታ ነው የመጣሁት» ብል ማን ይስማኝ! ባሏ ከባሕር በደህና ተመልሶ ሊደበድበኝ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት መሄድ ተውኩ። ሁለት ክረምት ድንችና የደረቀ ዓሣ እየበላሁ ከግድግዳ ጋር አወራሁ። የምገባበት ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ የእማማ ቶርዲስ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያላቸው አንድ ልጅ፣ ዓሣ አጥማጁ አስላክ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ዳማ እንጫወታለን። ዓይናቸውን በጨው አጥበው ያጭበረብራሉ።

«አንተ ቄስ፣ ሰማዩን ጠብቅ፤ ምድሩን ለኔ ተውልኝ» ይሉኛል ጠጠሬን እየበሉ። በደሴቲቱ አንተ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ስልክ ተደወለ። ጀልባ ተገልብጣ የሦስት ሰው አስከሬን ተገኝቷል። ስማቸውን ጻፍኩ። የመጀመሪያው አስላክ ነበር።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ ሮጥኩ። «ጋሽ ኤሌርት፣ አልችልም። እርስዎ ይሂዱልኝ።»

«እኔ ደወል ነው የምደውለው።»

«ከኔ በፊት የነበሩት ቄስ ጠንካራ ሰው ነበሩ አሉ።»

«ማን? እሳቸው? መርዶ ይዘው ከመሄዳቸው በፊት እዚህ ጓሮ ያስመልሳቸው ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ይሄዱ ነበር?»

«በእግራቸው ነዋ!»

ቤተ ክርስቲያኑ ገብቼ ተንበረከክሁ። «ጌታ ሆይ፣ ሰው ተሳስተሃል» አልኩት። «በሰላምታ ሴት የጣልኩ ሰው እኮ ነኝ። ደግሞ ያለኝ አንድ በር ነው፤ እሱንም ልትዘጋብኝ ነው?» ጉልበቴ እስኪደነዝዝ መልስ ጠበቅኩ። አልመጣም። ባይናገረኝም አብሮኝ እንደሚሄድ ማመን ብቻ ቀረኝ። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ከነፍርሃቴ ወጣሁ።

ያለፍኩት ቤት ሁሉ እፎይ ሲል ይታወቀኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብቸኛ ሆኜ አላውቅም።

እማማ ቶርዲስ ሳላንኳኳ ከፈቱ። ፊቴን አዩ።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። «እማማ፣ አስላክ ሞተ» አልኩና ቀድሜያቸው አለቀስኩ። ለማጽናናት የተላክሁት ሰውዬ!

እሳቸው መቃኑን ይዘው ቆሙ። «ጀልባዋ የሦስት ሰው ናት» አሉ።

«አዎ።»

«ሌሎቹስ?»

«አልተረፉም።»

«ለቤተሰቦቻቸው ነግረሃል?»

«ገና ነኝ። ከእርስዎ ጀመርኩ።»

ገብተው ጥቁር ሻርፓቸውን አመጡ። ለእኔ ሰጡኝና አሰርኩላቸው።

«እማማ፣ እባክዎ ይቀመጡ። እኔ ብቻዬን...»

«ዝም በል። ለቅሶው የትም አይሄድብኝም፣ ዕድሜ ልኬን አለቅሰዋለሁ። እነዚያ ሴቶች ግን ገና አልሰሙም።»

ክንዴን ያዙ። በነፋሱ ውስጥ ቀስ እያልን ሄድን። ሁለተኛው በር ጋ ስንደርስ እጄን አነሣሁ፤ ነገር ግን ያንኳኩት እሳቸው ነበሩ።