የወይዘሮ ጥሩሐረግ መጥበሻ

ይታየሽ ከትውልድ አገሯ ከጽጽቃ ወጥታ ሰቆጣ ከተማ፣ ወይዘሮ ጥሩሐረግ ቤት በሠራተኝነት የገባችው ዝናብ በቀረበት ዓመት ነው። አገሯ የሚላስ የሚቀመስ ጠፍቷል። የወይዘሮዋ ባል አቶ አስማረ ግን ነጋዴ ስለሆኑ ጎተራቸው አልጎደለም። ወይዘሮዋ የአገሯ ቋንቋ የኽምጣንግኛ ቅላጼ ያለበትን የይታየሽን አማርኛ እየቀዱ እንግዳ ሲያስቁባት እሷም አብራ ትስቅ ነበር። ምን ታድርግ፣ እንጀራዋ ነው።

አንድ ቀን አቶ አስማረ ከአስመራ ጥቁር መጥበሻ ይዘው መጡ። ውስጡ ቴፍሎን በሚሉት ነገር ተለብጧል። ጠብታ ዘይት ሳያደርጉ እንቁላል ሰበሩበት፤ ዘንበል ሲያደርጉት ሙልጭ ብሎ ሳህኑ ላይ ወረደ። ጎረቤቱ ሁሉ ጉድ አለ።

“በብረት እንዳትፍቁት” አሉ አቶ አስማረ። “ባዶውንም እሳት ላይ እንዳትተዉት። ከልክ በላይ ከጋለ ጭሱ መርዝ ነው ብሎኛል የሸጠልኝ ሰው።”

“ሰማሽ አንቺ?” አሉ ወይዘሮዋ ወደ ይታየሽ ዞረው።

ባልየው አምደወርቅ ገበያ በሄዱበት ቀን ወይዘሮ ጥሩሐረግ ለጎረቤታቸው ለአልጣሽ ሊያሳዩ ባዶውን መጥበሻ የላምባ ምድጃ ላይ ጣዱት። አልጣሽ ዘገየች። ይታየሽ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ማድ ቤቱ በሚሰነፍጥ ጭስ ታፍኗል፤ ወይዘሮዋ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያስላሉ። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ሮጣ ገባች፤ ምድጃውን አጠፋች፤ መጥበሻውን አውጥታ ወረወረችው። ጥግ ላይ የነበረችው ዶሮ ከነጫጩቶቿ ሞታለች።

አመሻሹ ላይ ወይዘሮዋን ብርድ ብርድ አላቸው፤ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው። ጎረቤት ተሰበሰበ። አልጣሽ የሞቱትን ጫጩቶች ስታይ “ይኼ የዓይን ሥራ ነው” አለች። ወደ ታማሚዋም ጎንበስ ብላ “ማን በላሽ? ተናገሪ!” አለቻቸው።

ወይዘሮ ጥሩሐረግ ዓይናቸውን ገለጡ። ይታየሽ ራስጌያቸው ውኃ ይዛ ቆማለች። ተያዩ። የእመቤቲቱ ዓይን የሚቃዥ ሰው ዓይን አልነበረም፤ ጥርት ያለ፣ የባሏን ቁጣ የምትፈራ ሴት ዓይን ነበር።

“ይታየሽ ናት” አሉ።

ውኃውን ከእጇ ነጠቋት። መሬት ላይ ጥለው ጠጉሯን ሸለቷት፤ በፍም ላይ አድርገው እመቤቲቱን አጠኑበት። በማግስቱ ወይዘሮዋ ተሽሏቸው ተነሡ። ይኼም ምስክር ሆነባት።

አቶ አስማረ ሲመለሱ ይታየሽ እግራቸው ላይ ወደቀች። “ጌታዬ፣ እርስዎ ነግረውን አልነበረም? ጭሱ ነው። እመቤቴ ናቸው የጣዱት።”

እሳቸው መጥበሻውን አንሥተው ውስጡን አዩት፤ ልብጡ ነጥቶ ተላልጧል። አሸተቱት። ሚስታቸውን ቀና ብለው ተመለከቱ።

“ሰው ሁሉ የሰማውን ነገር አሁን ማን ይመልሰዋል?” አሉና መጥበሻውን አስቀመጡት። “ሂጂልን።”

“ስንቅ እንኳ…”

“ቡዳ ስንቅ አያጣም” አሉ ወይዘሮ ጥሩሐረግ።

የተሸለተ ራሷን በነጠላ ሸፍና ደጅ ለደጅ ሥራ ብትለምን ወሬው ቀድሟት በሩ ይዘጋል። ከተራበው ሕዝብ ጋር ተቀላቅላ እርዳታ ወደሚታደልበት ወደ ኮረም አቀናች። መንገድ ላይ አንዲት የአገሯ ልጅ ሕፃኗን አዝላ ስታዘግም አገኘቻትና በኽምጣንግኛ ሰላም አለቻት። ሴትዮዋ ፊቷ በርቶ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት፣ ከኋላቸው የሚመጣ የሰቆጣ ሰው “ራቂያት! ያቺ ቡዳ እኮ ናት” ብሎ ጮኸ።

ሴትዮዋ የሕፃኑን ፊት ሸፈነችና እርምጃዋን አፈጠነች። ይታየሽ መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። ሰዉ እሷ ጋ ሲደርስ ወደ ማዶው ጠርዝ እየተሻገረ አለፋት።