የጆሮው እናት

«የስፌት መኪናው ነው የምላችሁ» አለች የሟች አክስት። ስታንሾካሹክ እንኳ ከዳር እስከ ዳር የምትሰማ ሴት ናት። «አርግዛው ሳለች ከጠዋት እስከ ማታ መኪናው ላይ! ሆዷ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ የከረመ ልጅ እንዴት ደኅና ይሁን?»

እናትየው መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። የአርባ አንድ ዓመት አንድ ልጇ ሥራ ላይ ሳለ ልቡ በድንገት ቆመ። ይህ ሐሜት ግን ከሞቱ በፊት የነበረ፣ ዘመኗን ሁሉ ሲከተላት የኖረ ነው። ልጁ ሕፃን ሳለ ሲጠሩት አይዞርም፤ የሰው ዓይን አያይም፤ የበር ደወል ሲጮህ ጠረጴዛ ሥር ይገባ ነበር። አንዱ ሐኪም «ፊት ነስተሽው ነው» አላት። የባሏ እህት፣ ይህችው አክስት፣ ደግሞ የስፌት መኪናውን ነገር አመጣች። እናትየው አመነቻት፤ የምትተዳደርበትን መኪና ሸጠች። ልጁ ግን ያው ልጁ ነበር።

የሕፃናት ሐኪም የሆነችው የጎረቤት ልጅ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ የስፌት መኪና ኦቲዝም አያመጣም። ፊት መንሳትም፣ ክትባትም አያመጣውም። ገና ሁሉን አናውቅም፤ አንድ ነጠላ ምክንያትም የለውም። በአብዛኛው ግን አብሮ የሚወለድ፣ ከዘር የሚመጣ ነገር ነው።»

«ከዘር?» አክስትየዋ ተመቻችታ ተቀመጠች። «ከእኛ ወገን እንዲህ ያለ የለም። ዘር ከልጓም ይስባል፤ ከወዲያ ነዋ።»

ዓይን ሁሉ ወደ እናትየው ዞረ። መኪናውስ ተሸጠ፤ ደም ወዴት ይሸጣል? አንገቷን ደፋች።

ልጇ እስከ አምስት ዓመቱ አልተናገረም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ስትሰፋ እግሯ ሥር ተቀምጦ ሳለ ድንገት «መርፌው ተጣሟል» አለ። የመጀመሪያ ቃሉ ነው። እሷ የመኪናው ድምፅ ሲለወጥ ሰምታ ቀድማ እግሯን ከመርገጫው አንስታ ነበር። ልጄ ተናገረ ብላ አለቀሰች፤ ሌላ ነገር አልታያትም።

ልጇ ይሠራበት የነበረው የውኃ ክፍል አለቃ ወደ ለቅሶው ቤት የገባው ይህን ስታስብ ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም እንጨት ይዟል።

«እማማ፣ የልጅዎ ሥራ ምን እንደሆነ ነግሮዎት ያውቃል?»

«ቧንቧ እሠራለሁ ይለኛል።»

«እኛ ‹ጆሮው› ነበር የምንለው። ይህን እንጨት አስፋልት ላይ ተክሎ፣ ጫፉን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ከመሬት በታች የሚያፈሰውን ቧንቧ ይሰማል። አንድ ጊዜ ሦስት መሐንዲሶች በመሣሪያ ሁለት ሳምንት ፈልገው ያጡትን በሩብ ሰዓት ‹እዚህ ቆፍሩ› አለ። ስንቆፍር የትምህርት ቤቱ ግንብ ሥር ያለው አፈር ታጥቦ አልቋል፤ ባዶ ነው። በላዩ አራት መቶ ልጆች ይማራሉ።»

ለቀስተኛው ይህን እየተቀባበለ ያወራ ጀመር። እናትየው ቀና ብላ «እዚያ ጥግ ከጠዋት ጀምሮ የሚንሾካሾከውስ ምንድን ነው?» አለች።

ሰዎቹ ተያዩ። «ኀዘን ነው፣ ጆሮ ላይ ይጮኻል» አለ አንዱ በርኅራኄ።

አለቃው ግን ጋዜጣውን ገፎ እንጨቱን ጥጉ ላይ ተከለ። ምንም አልሰማም።

«ወደ ግራ» አለችው ከተቀመጠችበት። «ትንሽ ወደ በሩ። እዚያ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ሲነሣ ፊቱ ተለዋውጧል።

«አለ። የውኃ ድምፅ ነው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ። እኔ በእንጨቱ እንኳ በስንት መከራ ነው። እርስዎ በዚህ ሁሉ ወሬ መሐል፣ ከወንበርዎ ላይ! ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ እንዲህ የሚሰማ ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነበር።»

«ለሁሉም ሰው የሚሰማ መስሎኝ» አለች።

«ኦቲዝም ያለበት ሁሉ እንዲህ ያለ ጆሮ አይኖረውም» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «የእሱ ግን ከየት እንደመጣ ይኸው አየን።»

«ከወዲያ ነው» አለች አክስትየዋ። ቃሉ ያው ነው፤ አሁን ግን በእውነት አንሾካሾከች።

እናትየው ከሠላሳ ዓመት በላይ እንደ ጥፋት የተሸከመችውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በግርምት አየችው። ያ ልጅ የእሷ ነበር፤ እስከ ጆሮው ድረስ የእሷ።

አለቃው ከኪሱ ያለቀች ጠመኔ አወጣ። «ከልጅዎ የሥራ ካፖርት ውስጥ ያገኘኋት ናት፤ የሚቆፈረውን ቦታ በእሷ ነበር ምልክት የሚያደርገው። ነገ ሠራተኛ እልካለሁ፤ ምልክቱን እርስዎ ያድርጉ።»

ተንበርክካ ወለሉ ላይ መስቀለኛ ምልክት አሰመረች። አለቃው ጠመኔዋን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ጣቶቿን አጥፋ ጠመኔዋን ጨበጠች፤ አልሰጠችውም።