ከአማት ጋር ወንዝ ዳር

ልብስ ሰፊዋ አማቷን የጋበዘቻቸው «እንዳያማ ጥራው» ብላ ነበር። ባሏ ዕረፍት ወጥቶ «የመንግሥት ደን ሄደን ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለን እንደር» ሲላት፣ እናቱ እዚያው ተቀምጠው ሹራብ ይሠሩ ነበር። ዝም ማለቱ ነውር መሰላትና «እርስዎም ቢመጡ ደስ ባለን፤ ግን መሬት ላይ መተኛቱ ይከብድዎታል» አለች።

አማትየው ሹራባቸውን አስቀመጡ። «ማን ይከብደኛል አለሽ?»

በዚያው አለቀ።

ሁለቱ ሴቶች ተጣልተው አያውቁም፤ ተቀራርበውም አያውቁም። አማትየው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ጀርባቸው ቀጥ ያለ፣ ቀሚሳቸው መቼም የማይጨማደድ ሴት ናቸው። ምራትየዋ እሳቸው ፊት ስትቆም የሰፋችው ልብስ ሁሉ ጠማማ ይመስላታል።

የደኑ ጠባቂ «እርጥብ እንጨት እንዳትቆርጡ፣ የወደቀውን ልቀሙ» ብሎ አሳለፋቸው። ወንዙ ዳር፣ ለምለም ሣር ላይ ዕቃቸውን አወረዱ። ባልየው ድንኳኑን ዘረጋና ቦርሳውን ገለበጠ። ከዚያ ራሱን አከከ።

«ምሰሶዎቹን ቤት ረስቻቸዋለሁ።»

«ጭንቅላትህም አንገትህ ላይ ባይበቅል ኖሮ ረስተኸው ትመጣ ነበር» አሉት እናቱ። እያጉረመረመ መኪናውን አስነስቶ ተመለሰ።

አማትና ምራት ተፋጠው ቀሩ። ስለ አየሩ አወሩ፤ አየሩም ቶሎ አለቀ። ምራትየዋ ከዝምታው ለማምለጥ ያልቆሸሸ ድስት ይዛ ልታጥብ ወደ ወንዙ ወረደች። ድንጋዩ ያሙለጨልጭ ነበር። እግሯ ከዳትና ዘጭ ብላ ውሃው ውስጥ ገባች።

«ሰጠምኩ! ኧረ የሰው ያለህ!»

አማትየው ጫማቸውን አሽቀንጥረው፣ ከነተተኮሰው ቀሚሳቸው ዘለው ገቡና ብብቷን ያዟት። «ቁሚ!»

«አልችልም!»

«እግርሽን ዘርጊና ቁሚ እንጂ፤ ውሃው እኮ ወገብሽ ድረስ ነው!»

ቆመች። እውነትም ወገቧ ድረስ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቀና ስትል ግን አማቷ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሳቃቸው አምልጧቸው ነበር። እሷም ሳቀች።

«ውይ፣ ድስቱ!» አለች ድንገት። ድስቱ እንደ ጀልባ እየተንሳፈፈ ወደ ታች ይወርዳል። አማትየው አላመነቱም፤ ጠለቅ አሉና እንደ ዓሣ እየቀዘፉ ተከተሉት። ሲመለሱ ድስቱን እንደ ባርኔጣ ደፍተውት ነበር።

«እርስዎ ዋና ይችላሉ?»

«ወንዝ ዳር ነው ያደግሁት። ሳገባ ግን አማቴ ‹የሰው ሚስት እንደ እንቁራሪት አትንቦጫረቅም› አሉኝ፤ ተውኩት። በጣም ነበር የምፈራቸው።»

«እኔም እኮ እርስዎን እፈራለሁ» አለች ምራትየዋ፤ ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው የደነገጠችው።

«እኔን?» አማትየው ዓይናቸውን አፈጠጡ። «እኔ ነኝ እንጂ አንቺን የምፈራው! ልብስ ስታዪ ዓይንሽ መቀስ ነው። እናንተ ቤት በመጣሁ ቁጥር ቀሚሴን ደጋግሜ የምተኩሰው ለማን መሰለሽ?»

ዳግመኛ ሳቁ፤ አሁን ሆዳቸውን ይዘው። ከዚያ አማትየው መዳፋቸውን ከራሷ ሥር አደረጉላት። «በይ፣ ሰማዩን እያየሽ ተኚ። ሰውነትሽን አትገትሪ፤ ውሃ የሚሸከመው የሚያምነውን ነው።»

ባልየው ሲመለስ ዕቃው ጋ ማንም የለም፤ ዳር ላይ የእናቱ ጫማ አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ወድቋል። ልቡ ስንጥቅ አለ። «እማዬ!» እያለ ወንዙን ተከትሎ ሮጠ። መታጠፊያው ጋ ደርሶ ቆመ። እናቱና ሚስቱ በጀርባቸው ተንሳፍፈው ስለ እሱ ኩርፊያ ያወጋሉ።

«ከልጅነቱ እንዲህ ነው» ይላሉ እናቱ።

«እኔ ላይ የጀመረው መስሎኝ!» ትላለች ሚስቱ።

ማታ አማትየው እርጥብ ቀሚሳቸውን ቅርንጫፍ ላይ ሰቅለው፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሱሪ ለበሱ፤ የምራታቸውን ነበር። አጠረባቸው፤ ግድም አልሰጣቸው። እሳት ዳር እግራቸውን ዘርግተው የተጠበሰ ድንች በእጃቸው እየላጡ በሉ።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ በወፎች ጫጫታ ነቃች። ባሏ ያንኮራፋል። የአማቷ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ወዲያው ከወንዙ በኩል ድምፅ መጣ።

«ልጄ! ምን ትጠብቂያለሽ? ነይ እንጂ!»

ባሏን ሳትቀሰቅስ፣ በባዶ እግሯ ጤዛውን እየረገጠች ሮጠች።