የእህቴ ድርሻ

አባቴ ግንበኛ ነበር። ዕድሜውን ሁሉ የሰው ቤት ሲሠራ ኖሮ ለእኛ ያወረሰን አንድ የገና መዝሙር ነው፤ ግጥሙም ዜማውም የራሱ። ሦስት ቦታ ከፍሎ መጀመሪያውን ለእኔ፣ መካከሉን ለታናሽ እህቴ፣ መጨረሻውን ለወንድማችን ሰጠን። አንዱ የሌላውን ድርሻ አይነካም፤ እንዳንራራቅ ብሎ የዘየደው ነው።

ታዲያ አዲሱ ቀሚስሽ መጋረጃ ይመስላል ስላልኳት እህቴ ሁለት ዓመት አኮረፈችኝ። ይመስል ነበር። ሁለት ገና መካከሉን እየዘለልን ዘመርን። ዘንድሮ የልጅ ልጆቼ ሲለማመዱ ብሰማ ከእኔ ድርሻ ቀጥታ ወደ መጨረሻው አለፉ። መካከል እንዳለውም አያውቁም። ክው ብዬ ቀረሁ።

ይቅርታ መጠየቅ እንደሆነ አልፈጠረብኝም። ልጆቹን አስከትዬ እህቴ ደጃፍ ላይ ቆምኩና የእሷን ድርሻ፣ ያውም ዜማውን አጣምሜ፣ ለቀቅሁት። ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ብቅ አለ።

እህቴ በሩን በረገደችው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። እትዬ፣ የእኔን ማን ፈቀደልሽ?»

«የጣልሽውን አነሳሁ።»

«እንደሱ አይደለም። አህያ እንኳ ካንቺ ይሻላል።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

እዚያው ቆማ ዘመረችው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ይሄ ሁሉ የት ነበር?» አለች ትልቋ።

«እዚህ ቤት አኩርፎ ተቀምጦ» አልኳት።

እህቴ ሳቋን መያዝ አቃታት። ልጆቹን ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው። በአራተኛው አብሬ ልል ስል በዓይኗ ገሠጸችኝ፤ ደስ እያለኝ አፌን ዘጋሁ።