ለባሕር ሰው የተሞላ ቅጽ

አሰላ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ማመልከቻ እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ የመንግሥትን አጻጻፍ የለመድኩት ደግሞ ሌሎች የጻፉትን እያየሁ። ባለጉዳዩ ተናግሮ እስኪጨርስ ብዕር አላነሳም። ጽፌ ስጨርስ አነብለታለሁ፤ «እንዲህ ነው ያልከኝ?» እለዋለሁ፤ «አዎ» ካላለ አላስፈርምም።

ለራሴ ጉዳይ አራት ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ልጄ ካሣዬ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ምጽዋ ላይ ውጊያ ከተነሣ ከየካቲት ወዲህ ግን ድምፁ ጠፋ። ለአራቱም የመጣልኝ መልስ አንድ ነው፤ «በግዳጅ ላይ ይገኛል።» ባለቤቴ የሺሃረግ የመጨረሻውን ወረቀት አጣጥፋ ዳዊቴ ውስጥ አስቀምጣዋለች። እኔ እንዲህ ያለ መልስ እንዴት እንደሚጻፍ ስለማውቅ አላመንኩትም፤ ለሷ ግን አልነገርኳትም። በሕይወት አለ ወይስ የለም? ከማንም የምፈልገው ይህን ብቻ ነበር።

በሰማንያ ሁለት ሰኔ፣ አንድ ረፋድ ላይ ከዲሮ መጣ።

ከዲሮ የኦጎልቾ ልጅ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲማር አራት ዓመት እኛ ቤት ተቀምጧል። ከካሣዬ ጋር አንድ መደብ ላይ ተኝተው፣ ባንድ ቀን ተመልምለው፣ ባንድ መኪና ሄዱ። እሱ በግንቦት ተመለሰ፤ የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች የሉም። ስለ ካሣዬ ስንጠይቀው «ወደቡ ላይ ተለያየን፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም» አለን። ደግሜ አልጠየቅሁትም። ሊናገር የፈለገ ሰው ራሱ ይመጣል።

ባለጉዳይ የሚቀመጥባት ዱካ ላይ ተቀመጠና ከጃኬቱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ጋሼ፣ ቅጽ ይሙሉልኝ። እጄ አይጽፍም።»

«የምን ቅጽ ነው?»

ስዘረጋው የካሣዬ እጅ ጽሑፍ ሆኖ አገኘሁት።

ስዊድኖቹ ለእርሻው ሥራ አሰላ በነበሩ ጊዜ፣ የአንዱ ባለሙያ ልጅ ለሁለቱ ያስተማራቸው ጨዋታ ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች በሐሳቡ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ጉልበቱን፣ ብልሃቱን፣ ጽናቱን እንደ ሉዶ ዳይስ እየወረወረ ያወጣል፤ ከዚያ ያንን ሰው ሆኖ ጫካና ዋሻ ይገባል። አንዱ ደግሞ ተራኪ ሆኖ የሚገጥማቸውን ይነግራቸዋል። ፈረንጆቹ ሲሄዱ ልጁ ዳይሶቹን ለካሣዬ ትቶለት፣ ካሣዬ ሕጉን ወደ አማርኛ መልሶ ቅጹን በስቴንስል አባዝቶት ነበር። ተራኪው ሁልጊዜ እሱ ነበር። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ዳዊት እየደገምኩ እሰማቸዋለሁ። ዘንዶው ሊወጣ ሲል መዝሙሩ የት እንደ ደረሰ ይጠፋኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ከመስማት ብዛት ሕጉን አውቄዋለሁ።

«ከማን ጋር ልትጫወት ነው?» አልኩት።

«ከማንም። ብቻ ይሞላልኝ።» ዳይሶቹን ከክብሪት ቀፎ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈ። «ጠዋት እቤት ሄጄ ከመደርደሪያው ወሰድኳቸው። እትዬ የሺ ለምን እንኳ አላሉኝም፤ ቁርስ አበሉኝ።»

ቅጹ ላይ መጀመሪያ ያለውን የሰውየውን ስም ለመጨረሻ አቆየን። ቀጥሎ ያለው «ዘር» ይላል።

«ያንተማ የተራራ ነው» አልኩት፤ ሁልጊዜ የተራራ ፈረሰኛ ነበር የሚሆነው።

«የባሕር ይሁን።»

ከጎኔ ሻይ የምትሸጠው ዘሀራ ሰማች። «ጋሽ ሀብቴ፣ መሬት የተቀማው ሁሉ አለቀና ለዓሣ መጻፍ ጀመሩ?»

«ዓሣስ ባለጉዳይ አይደለም?» አልኳት።

«እንግዲያው ሻዩን በምን ላቅርብለት፣ በባልዲ?» ብላ በራሷ ቀልድ ሳቀች። ከዲሮ አልሳቀም። ብርጭቆውን ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

የባሕርን ዘር ማንም መርጦት አያውቅም። ካሣዬ ራሱ «ጭላሎ ሥር ተቀምጠን ባሕር ምን ያደርግልናል!» ይል ነበር።

«እሺ፣ ምን ይችላል?»

«ውኃ ውስጥ ይተነፍሳል። እዚህ ጋ እንደ ዓሣ ስንጥቅ አለው።» በግራ እጁ ከጆሮው ሥር አሳየኝ። «ጨው ዓይኑን አያቃጥለውም። ጨለማ ቢሆንም ያያል። አይበርደውም። ጫማ አያደርግም፤ ጫማ ውኃ ሲሞላው ወደ ታች ይጎትታል።»

የጫማው ነገር ጨዋታው ውስጥ አልነበረም። ያለውን ጻፍኩ።

ዳይሶቹን በግራ እጁ መወርወር ጀመረ። ሦስቱ ተደምረው የሚመጣው ቁጥር ይጻፋል። ጉልበት አሥራ አንድ። ብልሃት አሥራ ሦስት። ጽናት ላይ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት ወጣ። ሰውየው ችግር ሲገጥመው ምን ያህል እንደሚቆይ የሚታወቀው በጽናቱ ነው።

«አራት» አልኩ።

«ልድገም።»

«ካሣዬ መድገም አይፈቅድም ነበር።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ለዚህ ግን ይፍቀዱለት።»

አንገቱን ደፍቶ ነበር። የማን ጽናት እንደሆነ ያኔ ልቤ ነገረኝ፤ እጄ ግን ብዕሩን አልለቀቀም። ሃያ ዓመት ሰው ያልሰጠኝን ቁጥር ጽፌ አላውቅም። «ወርውር» አልኩት። ዘጠኝ ሆነ። ሳይጠይቀኝ ደገመ፤ አሥራ አራት ሆነ። አሥራ አራት ብዬ ጻፍኩ።

«ድክመት?»

«የለበትም።»

«ባዶ አይተውም። ድክመት የሌለው ሰው ጨዋታው ውስጥ አይገባም።»

የችሎቱ ተላላኪ በር ላይ ቆሞ የከሳሽና የተከሳሽ ስም ጠራ፤ ሰዎች ከሣሩ እየተነሡ ገቡ። ጠበቅሁት።

«ከላይ ሲጠሩት አይሰማም» አለ በመጨረሻ።

ጻፍኩት። ስሙን ስጠይቀው «ይቆይ» አለኝ። እንደ ልማዴ ቅጹን አንስቼ ከላይ ጀምሬ አነበብኩለት። ዘሩን፣ ስንጥቁን፣ ዓይኑን፣ ጫማውን። «ድክመት፤ ከላይ ሲጠሩት አይሰማም። እንዲህ ነው ያልከኝ?»

«አዎ» አላለም። የተጎዳ እጁን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«አይደለም ጋሼ። የጠራው እሱ ነው። እኔ ነኝ ያልሰማሁ የመሰልኩት።»

ብዕሩን አስቀመጥኩ።

ከወደቡ ሲሸሹ አንዲት ጀልባ ላይ ተጨናንቀው ወጡ። ብዙም ሳትሄድ ተገለበጠች። ከዲሮ፣ ቀኝ እጁ ያኔም ቆስሎ፣ ባዶ ጀሪካን አቅፎ ነበር። ካሣዬ አጠገቡ ብቅ አለ።

«ከዚህ እስከ ዘሀራ ምድጃ ድረስ ነው» አለኝ። «"ከዲሮ፣ እጅህን!" አለኝ። ጀሪካኑ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚችለው ብዬ አሰብኩ። ደንግጬ አይደለም፤ አስቤ ነው። ፊቴን አዞርኩ።»

«ስንት ጊዜ ጠራህ?»

«ሦስት። ሦስተኛው ላይ "እጅህን" አላለም። ስሜን ብቻ ነው የጠራው። ስዞር የለም። ዋና የምችለው እኔ ነኝ። ዝዋይ ዳር ተምሬያለሁ። እሱ አሰላ ላይ የት ይማራል? ጀሪካኑ የሱ ነበር።»

«በዚህ እጅህ ልትዋኝ?»

«ወላሂ፣ በአንድ እጅም ይዋኛል።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ ልለው ፈለግሁ። ግን ሳላምንበት እንዳልለው ፈራሁ። ስለዚህ ቅጹን ሳብኩና ድክመት የሚለውን መስመር ሰረዝኩት። የሚተካበትን አልጠየቅሁትም።

«ይክሰሱኝ» አለ። «ማመልከቻ ይጻፉብኝ።»

«ለማን ብዬ?»

ዘሀራ ብርጭቆውን ልታነሳ መጥታ፣ ሻዩ እንዳለ መሆኑንና ፊታችንን አይታ፣ ብርጭቆውን ትታ ተመለሰች።

እኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንዲሁ አይነገርም። የእድር ሰዎች ተጠራርተው፣ ሐዘንተኛው ከቤት ሳይወጣ በማለዳ ይመጣሉ፤ መርዶ ይነግራሉ። እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ሰማሁት። የሺሃረግ ግን እንደ ወጉ እንድትሰማ ፈለግሁ። ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ እድራችን ዳኛ ወደ ኃይለመስቀል ቤት ሄድኩ። ከዲሮ ከኋላዬ ተከተለኝ።

ኃይለመስቀል ሲሰማ ቆቡን አወለቀ። «አንተስ እንዴት ልትሆን ነው?» አለኝ።

«እቤት እሆናለሁ። ከሷ ጋር እሰማለሁ።»

«እስከ ነጋ ድረስ ይዘኸው?»

«ይዤው።»

ደጅ ስንወጣ ከዲሮን «አንተም ከነሱ ጋር ትመጣለህ» አልኩት።

«እኔ? ምን ብዬ ነው እትዬ የሺ ፊት የምቆመው?»

«ያየኸው አንተ ነህ። ባሕር ወሰደው በላት። የቀረውን እኔ ሰምቼዋለሁ።»

እጄን ሊስም ጎንበስ አለ። አልከለከልኩትም፤ ግን አላነሳሁትም። የቻልኩት ያን ያህል ነው።

እቤት ስደርስ የሺሃረግ በረንዳ ላይ ምስር ትለቅማለች።

«ከዲሮ ጠዋት መጥቶ ነበር» አለችኝ። «ምንኛ ከስቷል! የካሣዬን ዳይሶች ልውሰድ ሲለኝ ደስ አለኝ። ልጅ መጫወት ካማረው ልቡ እየተመለሰ ነው። እሑድ ይምጣ በለው፤ ከእስላም ሥጋ ቤት ሥጋ አስመጥቼ እሠራለታለሁ።»

«እሺ።»

«ደሞ ጠይቀው እስቲ። የወደቡን ነገር። ላንተ ይነግርሃል፤ ሰው ላንተ ይናገራል።»

«እጠይቀዋለሁ» አልኳት፤ ከጎኗ ተቀምጬም ጠጠሩን አብሬያት ለቀምኩ። ምስሩ ብዙ ነበር። ቶሎ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ።

ሊነጋጋ ሲል የአጥሩ በር ተንኳኳ። ነቅቼ ነበር። የሺሃረግ ከአልጋው ዘልላ ወረደች፤ ነጠላዋን በጨለማ ስትፈልግ ሰማኋት።

«ማን ይሆን በዚህ ሰዓት? ተኛ አንተ፣ እኔ እከፍታለሁ።»

ልከለክላት ተነሣሁና ተውኩት። የምትሮጠው ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። ኮቴዋ እርጥቡ ሣር ላይ ፈጠነ። መወርወሪያው ተከፈተ።

«ምነው? ምነው እንዲህ ሆናችሁ መጣችሁ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ከዲሮ? አንተም?»

ጋቢዬን አዘቅዝቄ ወደሷ ወጣሁ።