አባቴ አጠና ነጋዴ ሳለ

አባቴ ገበየሁ በሞተ በዓመቱ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ ያቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት ቀበና ባለው አዳራሹ የመታሰቢያ ፕሮግራም አዘጋጀ። የሕይወት ታሪኩን እንዳነብ የተጠየቅሁት እኔ ልጁ ነኝ። የሰጡኝ ጽሑፍ «ጌታ ልቡን ስለ ነካው ንግዱን ትቶ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱ ሴቶች ሽመና ማስተማር ጀመረ» ይላል።

ውሸት አይደለም። ግን ምን እንደነካው አውቃለሁ።

አጠና ነጋዴ ሳለ እንጦጦ ላይ ሰፊ የባሕር ዛፍ ደን ተኮናትሮ ነበር። ቅጠልና ጭራሮ የሚለቅሙ ሴቶች እንዳይገቡበት ዘበኞች ቀጠረ። «አንዲት ሴት ደኑ ውስጥ ባገኝ ሁላችሁንም አባርራለሁ» ይላቸው ነበር። በ1989 ክረምት ዘበኞቹ ከለቃሚዎቹ አንዷን፣ እትዬ ዲንቄን፣ አሳደዷቸው። ሸክሙ ጀርባቸው ላይ እንደታሰረ ተንሸራተው ገደል ገቡ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበሩ። ፅንሱ አልተረፈም፤ እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ቀና ብለው መሄድ አልቻሉም።

አባቴ ሆስፒታል ሄዶ ካያቸው በኋላ ለሳምንታት ከቤት አልወጣም። እናቴ ያመመው መስሏት ነበር። ከዚያ ንግዱን ሸጦ ድርጅቱን ከፈተ። ይህን ሁሉ የነገረኝ ሊሞት ሰሞን ነው።

ፕሮግራሙ ሁለት ቀን ሲቀረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወጥቼ እትዬ ዲንቄ ቤት ሄድኩ። በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር።

«የሆነውን ሁሉ ልናገር አስቤያለሁ። እርስዎን ሳልጠይቅ ግን አልችልም» አልኳቸው።

«አባትሽ በየዓመቱ ይመጣ ነበር» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ድርጅቱ ውስጥ ግቢ ብሎ ለመነኝ፤ አልገባሁም። ይቅር በይኝ አለኝ፤ አልመለስኩለትም።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ እሱ የለም። አንቺ ተናግረሽ ይቀልልሻል። እኔን ግን ሰፈሩ በሙሉ እየዞረ ሊያየኝ ነው። ልጄን አደባባይ አታውጪብኝ።»

በፕሮግራሙ ቀን የተጻፈውን እንዳለ አነበብኩ። «ልቡን ስለ ነካው» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። ሐዘን የመሰላቸው ሰዎች «አይዞሽ» አሉኝ፤ ሽመና የተማሩት ሴቶች አለቀሱ። ፕሮግራሙን የመራው ፓስተር ሲሰናበተኝ «አባትሽን አከበርሽው» አለኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ዲንቄን ልጠይቅ እሄዳለሁ። ስለ አባቴ አንስተን አናውቅም። አንዳንድ ቀን ግቢ ይሉኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ውስጥ ሆነው፣ እየሰሙኝ፣ በሩን አይከፍቱልኝም።